ሕዝቅያስ የነሐሱን እባብ ስለ መስበሩ፤ ስለ ገድ፥ ስለ ክታብና ስለ ትንንሽ ልማዶች የተሰጠ ትርጓሜ

በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 21 እንደ ተነገረ፥ እስራኤል በምድረ በዳ ሲጓዙ ስላጕረመረሙ መርዘኞች እባቦች ነደፏቸው፥ ብዙ ሰውም ሞተ። ሕዝቡ ተጸጽተው ወደ ሙሴ በጮኹ ጊዜ ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የነሐስ እባብ ሠርቶ በእንጨት ላይ ሰቀለ፤ የተነደፈውም ሁሉ ወደዚያ እየተመለከተ ዳነ። በነገሥት ራብዕ ምዕራፍ 18 ደግሞ ይኸው የነሐስ እባብ ከብዙ ዘመን በኋላ በይሁዳ ንጉሥ በሕዝቅያስ እጅ ተሰባብሮ ይገኛል፤ ሕዝቡ እስከዚያ ዘመን ድረስ ያጥኑለት ነበርና። ነሐሱ ያው ነሐስ ነው፤ መልኩም ያው መልክ ነው፤ የሠራውም ሙሴ ነው። እንግዲህ በአንዱ ዘመን መዳኛ የነበረው በሌላው ዘመን ስለ ምን ለመሰበር በቃ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በምድረ በዳ የተነደፈው ሰው ወደ እባቡ ሲመለከት ዐይኑ ነሐስን ቢያይ ልቡ ግን ያዘዘውን አምላክ ያስብ ነበር። በጥበብ ሰሎሞን ምዕራፍ 16 ያዳናቸው የታየው ነገር ሳይሆን የሁሉ መድኀኒት እግዚአብሔር መሆኑ መነገሩ ስለዚህ ነው። በሕዝቅያስ ዘመን የነበሩት ግን አዛዡን ረስተው ነሐሱን ያዙ፤ ምልክቱም ወደ ባለቤቱ መምራቱን ትቶ በባለቤቱ ስፍራ ተቀመጠ። አንድም፥ እባቡ የተሰጠው ለአንድ ጊዜ መከራ ነበር፤ መከራው ካለፈ በኋላ ልማዱ ብቻውን ቀረ፤ ምክንያቱ የተረሳ ልማድም ለራሱ ሌላ ምክንያት ይፈጥራል።

ይህ ነገር የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ በየሰው ቤት ትንንሽ የነሐስ እባቦች አሉ። መንገደኛ ከቤቱ ሲወጣ የወፍ ድምፅ በቀኝ ተሰማ ወይስ በግራ ብሎ ያዳምጣል፤ ማልዶ ያገኘውን ሰው ገደ መልካም ወይም ገደ ቢስ ይለዋል። ዐይኑ ቢርገበገብ የሚመጣውን ነገር ይጠባበቃል፤ መዳፉን ቢበላው ገንዘብ ተስፋ ያደርጋል። አራስ ከተኛችበት አጠገብ ብረት ይቀመጣል። የሕፃን ማማር ያስደነቀው ሰው ዐይን እንዳይበላው ብሎ እንትፍ እንትፍ ይላል። በቀድሞ ዘመንም በመኳንንት ቤት ጌታው ሲበላና ሲጠጣ የሰው ዐይን እንዳያገኘው አሽከሮች በሸማ ይጋርዱት ነበር። እንዲህ ያለውን የሚያደርግ ሁሉ ጣዖት አምላኪ ነው ማለት አይደለም። አብዛኛው ስለ ምን እንደሚያደርገው ቢጠየቅ አባቶቼ ሲያደርጉት አይቼ ነው ከማለት በቀር መልስ የለውም። ነገር ግን የተወው እንደ ሆነ ልቡ ይታወካል፤ ያደረገው እንደ ሆነ ልቡ ያርፋል።

ይህ ዕረፍት ከወዴት እንደሚመጣ የመረመሩ ሊቃውንት አሉ። ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ የተባለ በፖላንድ የተወለደ ሊቅ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1915 እና በ1918 መካከል በሰላማዊ ውቅያኖስ በሚገኙት በትሮብርያንድ ደሴቶች ተቀምጦ የዓሣ አጥማጆችን ኑሮ ተመልክቶ ነበር። እነዚህ ሰዎች በተከለለውና ጸጥ ባለው ውሃ ሲያጠምዱ በዕውቀታቸውና በእጃቸው ብልሃት ብቻ ይተማመኑ ነበር፤ አደጋ ወደሚበዛበት ወደ ጥልቁ ባሕር ሲወጡ ግን ድግምትና ሥርዐት ያበዙ ነበር። ከዚህም ሊቁ ሰው እንዲህ ያለውን ልማድ የሚያበዛው ዕውቀቱ በሚያልቅበትና እጁ በማይደርስበት ስፍራ መሆኑን አስረዳ። ነገሩ በአገር ቤትም ቢታይ እንዲሁ ነው። ገበሬ ሞፈሩን ሲጠርብ ገድ አይጠይቅም፤ ዝናብ በዘገየበት ጊዜ ግን ይጠይቃል። ሴት ወይዘሮም ብትሆን ባልቴት፥ እንጀራ በማስጋገር አትፈራም፤ በምጥ ቀን ግን ሁሉም ይፈራል። እንግዲህ ልማዱ የፍርሀት ጥላ ነው፤ ፍርሀቱ ሳለም ጥላው አይጠፋም።

ስሕተቱ በልብ ውስጥ ሥር የሚሰድበት መንገድም በምሳሌ ታይቷል። ቢ. ኤፍ. ስኪነር የተባለ አሜሪካዊ መምህር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1948 ባሳተመው ጽሑፍ፥ የተራቡ ርግቦችን ለየብቻ በሣጥን አኑሮ፥ አንዳች ቢያደርጉም ባያደርጉም በተወሰነ ጊዜ እህል እንዲቀርብላቸው እንዳደረገ ተናገረ። ከ8ቱ ርግቦች 6ቱ እያንዳንዳቸው አንድ ነገር እየደጋገሙ ተገኙ፤ አንዲቱ በሣጥኑ ውስጥ ትዞራለች፤ ሌላይቱ ራሷን ወደ ሣጥኑ ማዕዘን ትሰድዳለች። ስኪነርም ይህን፥ እህሉን መዞሯ ያመጣላት ይመስል ርግቢቱ ትዞራለች ብሎ ተረጐመው። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሊቃውንት የርግቦቹን ነገር በሌላ መንገድ ተርጕመውታል፤ ምሳሌው ግን በሰው ዘንድ ያለውን ነገር ያሳያል። ገድ ጠይቆ የወጣ ሰው መንገዱ የተቃናለትን አንድ ቀን ዘወትር ያነሣዋል፤ ያልተቃናለትን ዐሥር ቀን ግን ይረሳዋል።

የቀደሙ አባቶችም ይህን ልማድ ያውቁት ነበር። በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአንጾኪያ ያስተምር የነበረው ዮሐንስ አፈ ወርቅ፥ የመጀመሪያይቱን የቆሮንቶስ መልእክት ሲተረጕም በ12ኛው ድርሳን የከተማይቱን ሰዎች ልማድ ያነሣል። ሞግዚቶች ሕፃኑን ሲያጥቡ ክፉ ዐይንና ቅናት እንዳያገኘው በጣታቸው ጭቃ ነክተው በግንባሩ ምልክት ያደርጉ ነበር። ለሕፃኑ ስም ሲያወጡም ብዙ መብራት አብርተው፥ ለየመብራቱ ስም ሰጥተው፥ ከሁሉ ዘግይቶ የጠፋውን መብራት ስም ለሕፃኑ ይሰጡ ነበር፤ በዚህ ዕድሜው ይረዝማል ብለው ነው። በሌላም ትምህርቱ የመቄዶንያው የእስክንድር መልክ ያለበትን የነሐስ ገንዘብ በራሳቸውና በእግራቸው የሚያስሩትን ሰዎች ገሥጿል። ነገር ግን መምህሩ እናቶችን ገሥጾ ባዶ እጃቸውን አልሰደዳቸውም። ጭቃው በተቀባበት ግንባር ላይ የመስቀልን ምልክት እንዲያደርጉ፥ ልጁም ከፍ ሲል በገዛ እጁ እንዲያማትብ እንዲያስተምሩት አዘዘ እንጂ።

በኢትዮጵያም ክታብ ከሁሉ ይልቅ የታወቀ ነው። በብራና ተጽፎ፥ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ተለክቶ፥ ተጠቅልሎ በቆዳ ተሰፍቶ በአንገት ይታሰራል። በውስጡም ውርዝልያ የምትባለውን ሕፃናትን ገዳይ ስለ መታው ስለ ቅዱስ ሱስንዮስ የሚነገረው ጸሎት ለአራሶችና ለሕፃናት ጥበቃ ይጻፋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጥንቈላንና አስማትን እጅግ ተቃውሞ፥ ሕዝቡ በግንባራቸው የሥላሴን ስም፥ በክንዳቸውም ዲያብሎስን የሚክዱበትን ቃል እንዲጽፉ ማዘዙን ዜና መዋዕሉ ይናገራል። ሆኖም የንጉሥ ዐዋጅ ክታብን ከአንገት አላወረደውም፤ በዐዋጁ የፍርሀቱ ምንጭ አልደረቀምና። ሁለት ልጅ ቀብራ ሦስተኛውን ያቀፈች እናት ክታብ ስታስርለት ያየ ሰው፥ ከመፍረዱ በፊት የምትፈራውን ነገር ሊመለከት ይገባዋል።

ይህ ማለት ግን ክፉና ደጉ አይለይም ማለት አይደለም። መጽሐፍ ራሱ ሁለት ምሳሌ ያቀርባል። በነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 4 እስራኤል በፍልስጥኤማውያን ድል በሆኑ ጊዜ የእግዚአብሔርን ታቦት ከሴሎ አምጥተው ወደ ሰልፍ ይዘውት ወጡ፤ ከኀጢአታቸው ሳይመለሱ ታቦቱ በመካከላቸው በመገኘቱ ብቻ ያድነናል ብለው ነበር። በዚያም ቀን 30,000 እግረኛ ወደቀ፥ ታቦቱም ተማረከ። ከታቦት የሚበልጥ ክታብ ማን ሊጽፍ ይችላል? ነገር ግን የተቀደሰውም ነገር ቢሆን ከንስሓ ተለይቶ እንደ ጋሻ ሲያዝ አላዳነም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ደግሞ 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረች ሴት የጌታን ልብስ ጫፍ ዳስሳ ዳነች። እርሷም ጨርቅ ቀዳ አልሄደችም፤ በፊቱ ወድቃ እውነቱን ሁሉ ነገረችው፥ እርሱም ያዳናት እምነቷ መሆኑን ነገራት። ልብሱ መንገድ ሆነላት እንጂ ማረፊያ አልሆነባትም።

ልማድ የሚመዘንበት ሌላው ሚዛን ባልንጀራ ነው። እንትፍ ማለት ማንንም አይጎዳም፤ ቡዳ ነው ብሎ ሰውን ማማት ግን ይገድላል። በልቶታል ተብሎ ቀጥቃጭ ወይም ሸክላ ሠሪ ይጠላል፤ ከማዕድ ይለያል፤ በጋብቻም ይገለላል። የሚያርሱበትን ማረሻ የሠራላቸውን፥ ወጥ የሚሠሩበትን ድስት ያበጀላቸውን ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል ይሉታል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት ዐዋጅ የእጅ ሥራ የሚሠራውን ሰው በሥራው መስደብ መከልከላቸው ስለዚህ ነበር። እንደዚሁም የታመመን ልጅ ቀኑ ክፉ ነው፥ ኮከቡ አልገጠመም ብሎ ከሐኪም ማዘግየት፥ ልቡናን ለማሳረፍ ሲሉ ነፍስን መስጠት ነው።

እንግዲህ ካህን ክታብ ያሰረች እናት ወደ እርሱ ብትመጣ፥ ጌታም በቤቱ ገድ የሚጠይቅ አሽከር ቢያገኝ፥ ሦስት ነገር ሊመረምር ይገባዋል። ይህ ልማድ ሰውየውን ወደ ጸሎት ይመራዋልን ወይስ ጸሎትን ያስተወዋል? ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ያሠራዋልን ወይስ በሥራው ፈንታ ይቆማል? በባልንጀራው ላይ ክፉ ያሳስበዋልን ወይስ አያሳስበውም? ማዕድ ሲቀርብ ማማተብ፥ በማለዳ ተነሥቶ የቤተ ክርስቲያንን ደጅ መሳለም፥ ሲተኙ ውዳሴ ማርያም መድገም ደግሞ ትንንሽ ልማዶች ናቸው፤ ልብንም ያሳርፋሉ። እነዚህንም ቢሆን ዛሬ ሳልሳለም ወጣሁና ክፉ ያገኘኛል እያለ በፍርሀት የሚያደርጋቸው ሰው፥ ሳያውቀው ነሐሱን እያጠነ ነው።

ስለ ሕዝቅያስም አንድ ነገር ልብ ማድረግ ይገባል። እባቡን የሰበረው ይህ ንጉሥ በነገሠበት በመጀመሪያው ዓመት አባቱ አካዝ የዘጋውን የቤተ መቅደስ ደጅ የከፈተ ነው፤ የሕዝቡን መጽናኛ ሲወስድ የሚበልጠውን መጽናኛ ሰጣቸው። በኋላም ራሱ ለሞት በታመመ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ፥ ጸለየም፤ ነቢዩ ኢሳይያስም የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲያኖሩ አዘዘ። ጸሎቱ መድኀኒቱን አላስተወም፤ መድኀኒቱም ጸሎቱን አልሻረም። እንዲህም ሆኖ ንጉሡ እንደሚድን የሚያውቅበትን ምልክት ለመነ፤ እግዚአብሔርም ስለ ምን ምልክት ፈለግህ ብሎ አልተቈጣውም፤ ጥላውን 10 ደረጃ ወደ ኋላ መለሰለት እንጂ። የነሐሱን እባብ ያለ ፍርሀት የሰባበረች እጅ በሕመም ቀን ምልክት ለመነች። እንግዲህ የሰው ልብ የሚታይና የሚዳሰስ መጽናኛ መሻቱ ድካሙ ነው እንጂ በደሉ አይደለም፤ በደሉ ምልክቱን ከሰጪው መለየቱ ነው። የሌላውን ሰው ነሐስ ሊሰብር የሚነሣም አስቀድሞ ደጁን ይክፈትለት።