ሄምፕ ወይስ አደንዛዥ ካናቢስ? ዓይን የማይለየውን ልዩነት ቤተ ሙከራ እንዴት ይለየዋል?

ደሴ፦ በቅጠላቸውም በሽታቸውም አይለያዩም። አንዱ በበርካታ ሀገራት ለቃጫ፣ ለጨርቅና ለዘይት በሕጋዊ መንገድ የሚመረት ሰብል ነው፤ ሄምፕ ይባላል። ሌላው ካናቢስ በሚል ስም የሚታወቀው አደንዛዥ ዕፅ ነው። ኮምቦልቻን በመሰለ የጨርቃጨርቅ ከተማ ዙሪያ “በውጭ ሀገር የተፈቀደ የቃጫ ሰብል” የሚል ወሬ ጆሮ መሳቡ አይቀርም። ሆኖም በውጭ የተፈቀደ ሁሉ በኢትዮጵያ የተፈቀደ አይደለም።

ልዩነቱ ከምን ይመጣል?

ሁለቱ በሥነ ሕይወት አንድ የተክል ዝርያ ናቸው። የሚለያቸው ቲኤችሲ የተባለው አደንዛዥ ንጥረ ነገር መጠን ነው። ይህ ንጥረ ነገር በብዛት የሚገኘው በሴቴዋ ተክል አበባ ላይ ባሉ ጥቃቅን የሙጫ ዕጢዎች ውስጥ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ሕግ ከደረቅ ክብደቱ ከ0.3 በመቶ ያልበለጠ ቲኤችሲ ያለውን ተክል ሄምፕ ብላ ፈቅዳለች። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ጣሪያውን ከ0.2 ወደ 0.3 በመቶ ከፍ አድርጓል።

ለወሎ አርሶ አደር ጓያ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። እግርን ሽባ የሚያደርገው የጓያ መርዝ እንደ ዘሩ ዓይነት መጠኑ ይለያያል፤ ድርቅ ሲበረታም ሊጨምር ይችላል። ፍሬውን በዓይን አይቶ መጠኑን ማወቅ ግን አይቻልም። የካናቢስ ተክልም በዘሩ፣ በአየር ጠባዩና በአጨዳ ጊዜው ምክንያት ከተፈቀደው ጣሪያ ሊያልፍ ይችላል።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

መርማሪው በመጀመሪያ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ተመልክቶ በቅጠሉ ላይ ያሉትን ልዩ ጸጉሮች ይፈልጋል። ቀጥሎ የቀለም ምርመራ ያደርጋል። ዱከኖይ ሌቪን የተባለው የቆየ ምርመራ ሐምራዊ ቀለም ያሳያል፤ ይሁን እንጂ ይህን ቀለም ሄምፕም ይሰጣል። አዲሱ የአሚኖፌኖል ምርመራ ቲኤችሲ ሲበዛ ሰማያዊ፣ ሲቢዲ የተባለው የማያደነዝዝ ንጥረ ነገር ሲበዛ ደግሞ ሮዝ ቀለም ይሰጣል። ይህም ቢሆን ጠቋሚ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

ማረጋገጫው ንጥረ ነገሮቹን ነጣጥሎ በሚለካው የክሮማቶግራፊ መሣሪያ ይገኛል። በእርጥቡ ተክል ውስጥ አብዛኛው ቲኤችሲ የሚገኘው በአሲድ መልክ ሲሆን፣ ሙቀት ሲነካው ወደ አደንዛዡ ቲኤችሲ ይለወጣል። ስለዚህ የአሲዱ መጠን በ0.877 ተባዝቶ ከቲኤችሲው ጋር ይደመራል። ለምሳሌ 0.1 በመቶ ቲኤችሲና 0.4 በመቶ አሲድ የተገኘበት ናሙና ጠቅላላ መጠኑ 0.45 በመቶ ይሆናል። አሲዱ ባይደመር ኖሮ ይኸው ናሙና ከጣሪያው በታች በሆነ ነበር።

የሀገራችን ሕግስ?

በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ያለ ልዩ ፈቃድ ማብቀል፣ መያዝም ሆነ መሸጥ ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራት እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። አንቀጹ ሄምፕን ነጻ የሚያደርግ የመቶኛ ጣሪያ አላስቀመጠም። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የ1961ዱ ዓለም አቀፍ የአደንዛዥ ዕፅ ኮንቬንሽን ለቃጫና ለፍሬ ብቻ የሚውልን እርሻ ከቁጥጥሩ ውጭ ቢያደርግም፣ ይህ ለግለሰብ አርሶ አደር ፈቃድ አይሆንም።

ስለሆነም ምንነቱ ያልታወቀ ዘር የቀረበለት አርሶ አደር ከመዝራቱ በፊት የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ሊጠይቅ ይገባል። ከውጭ በዘመድ የሚላክ የሄምፕ ዘይት የሚጠብቅ የከተማ ነዋሪም የሌላ ሀገር የቤተ ሙከራ ወረቀት በኢትዮጵያ ፈቃድን እንደማይተካ ሊገነዘብ ይገባል።