«ዲስኩ ደክሟል»፦ እውነት ወይስ ተረት?

በአዲስ አበባ ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ ባሉ አነስተኛ ቢሮዎች፣ ማተሚያ ቤቶችና ክሊኒኮች ውስጥ የሁሉንም ፋይል የሚይዝ አንድ የሊነክስ ሰርቨር ጥግ ላይ ተቀምጦ ማየት የተለመደ ነው። በደህና ሲሠራ ማንም አያስታውሰውም። ፋይል ለመክፈት ደቂቃ መፍጀት ሲጀምር ግን የቢሮው ሰው ሁሉ ሐኪም ይሆናል፤ የሚሰጠውም ምርመራ አንድ ዓይነት ነው፦ «ዲስኩ ደክሟል፣ አዲስ ይገዛ»። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዲስክ በግምት የሚገዛ ዕቃ አልሆነም። ስለዚህ በየቢሮው የሚነገረውን አንድ በአንድ ብንፈትሸው ኪሳችን ይጠቀማል።

«የጉለሌ ከፍታ ዲስክ ያደክማል»

በአብዛኛው ተረት ነው፤ ከሥሩ ግን እውነት አለ። ተሽከርካሪ ሀርድ ዲስክ መረጃ የሚያነብበት ጭንቅላት ከሳህኑ በላይ በናኖሜትር በሚለካ ክፍተት በአየር ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚሠራው። አየሩ በጣም ከሳሳ ያ ክፍተት ይጠብባል። ለዚህም ነው አምራቾች ለአብዛኞቹ ዲስኮች የሥራ ከፍታ ወሰን 3,048 ሜትር ብለው የሚያስቀምጡት። አዲስ አበባ በአማካይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የጉለሌ ሰፈሮች ወደ እንጦጦ በተጠጉ ቁጥር ከዚያ ከፍ ቢሉም ከወሰኑ በታች ናቸው። ጉዳዩ የሚያሳስበው እንጦጦ ጫፍ ላይ፣ 3,200 ሜትር አካባቢ ሰርቨር የሚተክል ሰውን ነው። እሱም ቢሆን ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ገበያ ላይ የዋሉትን፣ በሂሊየም ተሞልተው የታሸጉትን ዲስኮች መጠቀም ይችላል።

ከፍታው የሚጎዳው በሌላ በኩል ነው። 2,500 ሜትር ላይ አየር ከባሕር ወለል ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ስለሆነ፣ ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። በተቆለፈ ቁም ሳጥን ውስጥ አቧራ የለበሰ ሰርቨር ከዚህ ጋር ሲደመር ውጤቱ ይታወቃል። ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ዲስክ) እና ፕሮሰሰር ሲግሉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ስለዚህ በሩን ክፈቱለት፣ አቧራውን አራግፉለት፤ ይህ ወጪ የለውም።

«ሎድ 12 ገብቷል፣ ፕሮሰሰሩ አልቻለም»

ተረት፣ ቢያንስ በሊነክስ። በሌሎች የዩኒክስ ዘሮች ሎድ (የሥራ ጫና መለኪያው ቁጥር) የሚቆጥረው ፕሮሰሰር ላይ ያሉትንና ተራ የሚጠብቁትን ሥራዎች ነው። በሊነክስ ግን እ.ኤ.አ. በ1993 በተደረገ ማሻሻያ፣ ዲስክ እስኪመልስላቸው ሊቋረጡ በማይችሉበት እንቅልፍ ውስጥ ያሉትም አብረው ይቆጠራሉ። ስለዚህ ሎዱ ሰማይ ደርሶ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈት ከሆነ፣ ሥራዎቹ የሚጠብቁት ሌላ ነገር ነው፤ ብዙውን ጊዜም ዲስክ ነው።

ተቃራኒው ተረት ይበልጥ ያሳስታል፦ «ቶፕ ላይ አዮዌይት ዝቅ ብሏል፣ ስለዚህ ዲስኩ ደህና ነው»። ቶፕ በሚባለው መከታተያ ላይ የሚታየው አዮዌይት የሚለካው ፕሮሰሰሩ ሥራ አጥቶ፣ በዚያው ሰዓት የዲስክ ጥያቄ ሳይመለስ የቆየበትን ጊዜ ነው። ሌላ ከባድ ስሌት መጥቶ ፕሮሰሰሩን ሥራ ካስያዘው ቁጥሩ ይወርዳል፤ የዲስኩ ጭንቀት ግን እንዳለ ነው።

«አዮስታት 100 ከመቶ ይላል፣ አለቀለት»

ግማሽ እውነት። አዮስታት የሚባለው የዲስክ መለኪያ የሚያሳየው ያ መቶኛ የሚናገረው ዲስኩ ቢያንስ አንድ ጥያቄ ይዞ የቆየበትን የጊዜ ድርሻ ብቻ ነው። አንድ ደንበኛ ያለበትም ሃምሳ ደንበኛ ያለበትም ሱቅ «ሰው አለ» እንደሚባለው ማለት ነው። ለአንድ ተሽከርካሪ ዲስክ ቁጥሩ ከእውነት ብዙም አይርቅም። ብዙ ጥያቄ ጎን ለጎን ለሚያስተናግድ ኤስኤስዲ ወይም ለሬይድ (እንደ አንድ ለሚሠሩ የዲስኮች ስብስብ) ግን 100 ከመቶ ላይ ሆኖም ገና ብዙ አቅም ሊቀረው ይችላል።

መታየት ያለበት ጥያቄው የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ አዮስታት ለንባብና ለጽሕፈት ለየብቻ በሚሊሰከንድ ያስቀምጠዋል። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንዱን ዙር በ8.3 ሚሊሰከንድ ይጨርሳል፤ በአማካይ የግማሹን ዙር ይጠብቃል፤ ጭንቅላቱን ለማንቀሳቀስም ሌላ 8 ወይም 9 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል። ተደምሮ በሰከንድ 80 ገደማ የተበታተኑ ጥያቄዎችን ነው የሚችለው። 12 ሚሊሰከንድ ካያችሁ ዲስኩ ጤነኛ ነው። 200 ካያችሁ ሰልፍ አለ፤ ያኔ አዮቶፕ በሚባለው መሣሪያ ሰልፉን ያበዛውን ፕሮግራም ፈልጉ። ባክአፕ በሥራ ሰዓት እየሮጠ ሊሆን ይችላል።

«በዲዲ ለካሁት፣ በሰከንድ 2 ጊጋባይት ጻፈ»

ተረት። ሳታ የሚባለው ገመድ ጣሪያው በሰከንድ 6 ጊጋቢት፣ ማለትም 600 ሜጋባይት ነው፤ ታዲያ 2 ጊጋባይት በየት በኩል አለፈ? የተለካው ራም ነው። ሊነክስ መጀመሪያ ራም ላይ ጽፎ «ጨርሻለሁ» ይላል፣ ወደ ዲስክ የሚያወርደው ቆይቶ ነው። ራሙን አልፎ እንዲለካ ቢታዘዝ እንኳ ዲዲ የሚባለው የመገልበጫ ትእዛዝ የሚሞክረው አንድ ትልቅ ፋይል በተከታታይ መጻፍን ነው። የሒሳብ ክፍሉ ደግሞ የሚከፍተው ብዙ ትንንሽ ፋይል ነው። ፊዮ በሚባለው መሣሪያ፣ ራሙን አልፎ፣ በ4 ኪሎባይት ቁርጥራጭ፣ በተበታተነ ንባብ ለኩ። ለብቻው በተፈጠረ የሙከራ ፋይል ላይ ይሁን እንጂ ዲስኩ ላይ በቀጥታ እንዳትጽፉ፤ ያለውን መረጃ ያጠፋል።

በዚያው «ራሙ ሞልቷል» የሚለውም ተረት ነው። ሊነክስ ትርፍ ራም ሲያገኝ የተነበቡ ፋይሎችን ያስቀምጥበታል፤ ይህ ጸጋ ነው።

«ከመብራት መጥፋት በኋላ ዲስኩ ተጎዳ»

ሊሆን ይችላል። ግን ዩዝድ ሰርቨር ገዝቶ ለሚሠራ ቢሮ ከዲስኩ በፊት የሚጠረጠር ሌላ ዕቃ አለ፦ የሬይድ ካርዱ ባትሪ።

እነዚህ ካርዶች የራሳቸው ማህደረ ትውስታና እሱን መብራት ሲጠፋ የሚጠብቅ ባትሪ አላቸው። ባትሪው እስከሠራ ድረስ ካርዱ መረጃውን ተቀብሎ ገና ዲስክ ላይ ሳይደርስ «ጽፌዋለሁ» ይላል፤ ስለዚህ ሁሉም ይፈጥናል። ባትሪው ሲሞት ካርዱ በጥንቃቄ ሌላ መንገድ ይመርጣል፦ እያንዳንዱ ጽሕፈት ዲስኩ ላይ እስኪደርስ ይጠብቃል። ሬይድ 5 ከሆነ ደግሞ አንዷ ትንሽ ጽሕፈት አራት የዲስክ ሥራ ስለምትጠይቅ (አሮጌውን ማንበብ፣ ማመሳከሪያውን ማንበብ፣ ሁለቱንም እንደገና መጻፍ) ነገሩ ይብሳል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ማንበብ እንደ ድሮው ነው፣ ማስቀመጥ ግን ያንቀራፍፋል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚገለጠው ደግሞ ካርዱ ሲነሳ ባትሪውን ስለሚፈትሽ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሠራተኛ «ባትሪ ባይኖርም ፍጠን» የሚለውን ምርጫ አብርቶ ይመሰገናል። መብራት በማንኛውም ሰዓት ሊሄድ በሚችልበት ከተማ ይህ ግዴለሽነት ነው፤ ማህደረ ትውስታው ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ባትሪውን ግዙ፤ ከዲስክ ይረክሳል።

«ወር መጨረሻ ላይ ሒሳብ ክፍል ያጨናንቀዋል»

ምናልባት። ግን ሰርቨሩ በዴቢያን ላይ የተሠራ የሶፍትዌር ሬይድ ከሆነ፣ በየፈረንጅ ወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሊሆን ሲል ዲስኮቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያመሳክር ፍተሻ በራሱ ይነሳል። ያ እሑድ በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ወሩ ሊያልቅ ሲል ይውላል፤ የሒሳብ ሠራተኞቹ በሐሰት የሚወቀሱትም ለዚህ ነው። 8 ቴራባይት ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢነበብ እንኳ 15 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ባክአፕ ከተደራረበበት ሰኞ ጠዋትንም ሊይዝ ይችላል። ኤምዲስታት የሚባለውን ፋይል ብትከፍቱ ፍተሻው ስንት ከመቶ እንደደረሰ ታያላችሁ። አታጥፉት፤ ቀኑን ቀይሩለት።

«ዲስክ ካልሆነ ምን ሊሆን?»

ኬብል። የጊጋቢት ኔትወርክ ስምንቱንም የኬብል ክሮች ይፈልጋል። አንዷ ክር ስትበጠስ መስመሩ ሳይቋረጥ ወደ 100 ሜጋቢት ሊወርድ ይችላል። 1 ጊጋባይት ፋይል በ9 ሰከንድ ይመጣ የነበረው አንድ ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል፤ ኔትወርኩ ስለማይቋረጥም ማንም አይጠረጥረውም። ኢትቱል የሚባለው መሣሪያ የመስመሩን ፍጥነት በአንድ ትእዛዝ ይነግራችኋል። ፋይሉን ሰርቨሩ ላይ ሆናችሁ ገልብጡት፣ ከዚያ ከጠረጴዛችሁ ሆናችሁ ሞክሩት፤ የመጀመሪያው ፈጥኖ ሁለተኛው ከዘገየ ዲስኩን ተዉት።

ከዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ጋር ፋይል ለመጋራት ሳምባ የምትጠቀሙ ደግሞ አንድ ፎልደር ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፋይል አታጭቁ። ለዊንዶውስ ትልቁም ትንሹም የላቲን ፊደል አንድ ነው፣ ለሊነክስ ግን የተለያየ። ሳምባ ሁለቱን ለማስታረቅ ሲል ዝርዝሩን በሙሉ ሊያገላብጥ ይገደዳል።

«አዲስ ዲስክ ሁሌ ይፈጥናል»

ተረት። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ዌስተርን ዲጂታል ለፋይል ማከማቻ ብሎ በሚሸጠው ቀይ ዲስክ ውስጥ፣ ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ባሉት አንዳንድ ሞዴሎች፣ ትራኮቹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የሚደራረቡበትን አሠራር ለገዢው ሳይገልጽ መጠቀሙ ታወቀ። ይህ አሠራር ረጅም ጽሕፈት ሲመጣበት እጅግ ይዘገያል፤ ሬይድ መልሶ ሲገነባም ያስቸግራል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የሞዴሉን ቁጥር ይዛችሁ አረጋግጡ።

«ስማርት ‹አልፏል› ብሏል፣ ዲስኩ ጤነኛ ነው»

ይህ ከሁሉም የከፋው ተረት ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮቹን አጥንቶ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከተበላሹት ከ36 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሙቀትን ሳይጨምር አንድም የስማርት (ዲስኩ የራሱን ጤና የሚከታተልበት ሥርዓት) ምልክት አላሳዩም ነበር። «አልፏል» የሚለውን ቃል ትታችሁ ቁጥሮቹን ተራ በተራ አንብቡ። መለያው 199 የሆነው እየጨመረ ከሆነ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሳታ ገመዱ ነው፤ ገመዱን ቀይሩ። መለያው 5 ወይም 197 የሆነው ከዜሮ ተነስቶ በየቀኑ የሚያድግ ከሆነ ግን «ዲስኩ ደክሟል» ያለው ሰው ለአንድ ጊዜ ልክ ነው። ፍጥነቱን መመርመር አቁማችሁ ፋይሉን ዛሬውኑ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ።