ቦሎ አለው፣ ቀለም አለው፤ ቀጥ ማለቱን ማን ለካው?

ጋሞ ደጋ፣ ገረሴ ላይ የተጋጨ መኪና ለመሠራት አስቀድሞ ቁልቁለቱን መውረድ አለበት። ጎማ የሚለጥፍና ብረት የሚበይድ ሰው በየወረዳው ከተማ አይጠፋም። ኢንሹራንስ የሚያውቀው፣ ፕሮፎርማ የሚጽፍ፣ ላሜራ አቃንቶ ቀለም ቀብቶ የሚያስረክብ ጋራዥ ግን የሚፈለገው ታች አርባ ምንጭ ነው። እዚያ ካልተቻለ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሶዶ፣ ከዚያ ሐዋሳ፣ ሲከፋ ደግሞ አዲስ አበባ። መሪው የሚታዘዝ፣ ራዲያተሩም ያልፈሰሰ ከሆነ ባለቤቱ የተሰበረውን ፓራውልት በገመድ አስሮ እየነዳ ይወርዳል፤ ካልሆነ አይሱዙ ላይ ጭኖ ያወርደዋል። ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ መኪናው ያንኑ መንገድ ዳገቱን ይመለሳል፤ ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ፍሬቻው አዲስ ነው፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ቦሎም ጊዜው አላለፈም። ይህ መኪና ከግጭቱ በፊት እንደነበረው ቀጥ ያለ መሆኑን ማን አረጋገጠ ቢባል ግን መልስ የሚሰጥ አይገኝም። የአደጋ ጥገና ሲበላሽ ጣታችን የሚቀሰረው ወይ በላሜራ ሠሪው ሌብነት ወይ በኢንሹራንሱ ስስት ላይ ነው። ሁለቱም አንዳንዴ እውነት ነው። ዋናው ቀዳዳ ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ከትራፊክ ፖሊስ ፕላን እስከ ርክክብ በተዘረጋው ሰንሰለት ውስጥ የመጨረሻው ልኬት የማንም የሥራ ድርሻ አልሆነም።

ሂደቱን መኪና የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። ትራፊክ ፖሊስ ፕላን ያነሣል፤ የኢንሹራንሱ ገማች ፎቶ ያነሣል፣ የተጎዳውን ይዘረዝራል፤ ጋራዦች ዋጋ ይሰጣሉ፤ ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠው ያሸንፋል፤ ዕቃው በፕሮፎርማ ይገዛል፤ አሮጌው ዕቃ ለኢንሹራንሱ ይመለሳል፤ ባለቤቱ ፈርሞ ይረከባል። ወረቀቱን ላየ ሰው እንከን የለውም። ነገር ግን ግምቱ የሚሠራው መኪናው ሳይፈታ ስለሆነ የሚዘረዘረው በዓይን የሚታየው ነው፦ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ የፊት መብራት፣ ራዲያተር። ከፓራፋንጎው ጀርባ የተሸበሸበው የውስጥ ብረት፣ ወይም የፊት እግሩ የሚታሰርበት ቦታ አንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ መሄዱ የሚታወቀው ከተፈታ በኋላ ነው። ያኔ ጋራዡ ተጨማሪ ጥያቄ መጻፍ፣ ገማቹ እንደገና መምጣት፣ ፈቃዱም እንደገና መጠበቅ አለበት። መኪናው ከገረሴ የመጣ ከሆነ ባለቤቱም ሥራውን ጥሎ እንደገና ይወርዳል። በአነስተኛ ዋጋ ላሸነፈ ጋራዥ ቦታው በአንድ በተፈታ መኪና ተይዞ መክረሙ ቀጥተኛ ኪሳራ ነው። ስለዚህ የተደበቀ ጉዳት ያገኘ ይጎዳል፣ አይቶ እንዳላየ ያለፈ ይጠቀማል። በዚህ ላይ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዕቃ ዋጋ የሚረጋ ነገር አልሆነም፤ ፈቃዱ እስኪመጣ ፕሮፎርማው ጊዜው ያልፍበታል። እንዲህ ባለ ሩጫ ውስጥ ያለ ጋራዥ ለምን አልለካህም ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ እንዲለካ የከፈለው ግን የለም።

ወደ ብረቱ ትንሽ ጠጋ ማለት ያስፈልጋል፤ የነገሩ ጣዕምም ያለው እዚያ ነው። በጋሞ ደጋና ቆላ የሚመላለሱት መኪኖች በአሠራራቸው ሁለት ወገን ናቸው። አይሱዙ፣ ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ ሞተራቸውም ቦዲያቸውም የሚያርፈው ራሱን በቻለ ሻንሲ ላይ ነው። ከድሮው ዲኤክስ እስከ ቪትዝና ያሪስ ያሉት የቤት መኪኖች ግን የተለየ ሻንሲ የላቸውም፤ ወለሉ፣ ምሰሶውና ጣሪያው አንድ ላይ ተበይዶ እሱው ሻንሲ ይሆናል። ድሮ መኪና ጠንካራ በሆነ ቁጥር ተሳፋሪውን ያድናል ይባል ነበር። ይህን አስተሳሰብ የገለበጠው ቤላ ባሬኒ የተባለ የመርሴዲስ ቤንዝ መሐንዲስ ነው። ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ይጠንክር፣ ከፊትና ከኋላ ያለው ግን ሆን ተብሎ የሚጨማደድ ይሁን፤ የግጭቱን ጉልበት ብረቱ ይብላው አለ። ፈጠራው እ.ኤ.አ. በ1952 የባለቤትነት መብት አገኘ፤ በ1959 ደግሞ በፋብሪካ መኪና ላይ ዋለ። ዛሬ የቤት መኪና ሁሉ የዚህ ሐሳብ ልጅ ነው። ችግሩ ብረቱ ይህን አገልግሎት የሚሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው። የተጨማደደውን በኦክሲጅን አግሎ በመዶሻ ማቃናት መልኩን ይመልስለታል፤ በቀጣዩ ግጭት በታሰበለት ቦታና በታሰበለት መጠን የመታጠፍ ጠባዩን ግን አይመልስለትም። በተለይ የቅርብ ዓመታት ጠንካራ ብረቶች እሳት ሲነካቸው ይለሰልሳሉ። የመኪና ፋብሪካዎች የትኛው ክፍል እንደሚቃና፣ የትኛው ተቆርጦ እንደሚቀየር፣ የት የት እንደሚበየድ በመመሪያ የሚያስቀምጡት፣ ቦዲው በመለኪያ ወንበር ላይ ታስሮ በሚሊሜትር እንዲለካ የሚጠይቁትም ለዚህ ነው።

የእኛ ላሜራ ሠሪዎች ሙያ የላቸውም የሚል ክርክር ከዚህ አይወጣም። ከጠፍጣፋ ቆርቆሮ በመዶሻና በመቀበያ ብረት ብቻ ፓራፋንጎ ቀጥቅጠው የሚያወጡ ሰዎች ናቸው። ሻንሲ ሲያቃኑ ከጥግ ወደ ጥግ ሲባጎ ወጥረው ሁለቱን ሰያፍ ያመሳክራሉ፤ ውዱ የመለኪያ ወንበር የሚሠራውም በዚሁ መርህ ነው። በሥራው ያረጁት ጎበዝ ላሜራ ሠሪ የሚታወቀው ስቱኮ ባለማብዛቱ ነው ይላሉ፤ ብረቱ በደንብ ካልወጣ ጎድጓዳውን የሚሞላው ስቱኮ ነውና። የቀለሙ ድምቀት ያታለለው ሰው በቀላሉ ሊፈትነው ይችላል፤ ተራ ማግኔት ላሜራ ላይ ይጣበቃል፣ ወፍራም ስቱኮ ላይ ግን ተንሸራቶ ይወድቃል። በኮፈኑና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ጠባብ ከታች ሰፊ ከሆነም የውስጥ ብረቱ ቦታውን አልያዘም ማለት ነው። እነዚህ ሙያተኞች ሌላው ዓለም ጣጥሎት የሚሄደውን መኪና የሚያስነሡት በትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ፤ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ከታገዱት 38 የዕቃ ዓይነቶች መካከል አንዱ አውቶሞቢል ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተባለ። እንዲህ በሆነበት አገር ማንም መኪናውን አይጥልም። ከአንዱ የኋላው፣ ከሌላው የፊቱ ተቆርጦ ይገጠማል፤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚደራው በዚህ ነው። መጠገን ግዴታ ከሆነ ግን ጥገናውን መለካት የባሰ ግዴታ ይሆናል እንጂ አይቀልም።

ሕጉስ? የመድን ውላችን ዛሬም የሚዳኘው ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ ጀምረውት አልፍሬድ ዦፍሬ በጨረሱት በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ነው። ሕጉ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ሲታደስ የነጋዴውን፣ የማኅበራቱንና የኪሳራውን ክፍል ተካ፤ የመድኑን ክፍል ግን ባለበት ተወው። አንቀጽ 678 የንብረት መድን የካሳ ውል መሆኑን፣ ካሳውም አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ እንደማይበልጥ ይደነግጋል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ሰው በአደጋ እንዳይከብር ነው። ካሳው የሚለካው ግን በብር ነው፤ መኪናው በእርግጥ ወደ ነበረበት መመለሱ የሚታወቀው ደግሞ በሚሊሜትር ነው። በብሩም በኩል ቢሆን ብዙዎች ጎድለዋል። ለምሳሌ በ800,000 ብር ዋጋ መድን የተገባለት መኪና ገበያው 1,600,000 ቢደርስ፣ የ300,000 ብር ጉዳት ሲደርስበት ኢንሹራንሱ ሊከፍል የሚችለው ግማሹን ነው፤ ያም ተቀናሹ ሳይነሣ። የተቀረውን የሚሞላው ባለቤቱ ነውና ጋራዡን የረከሰውን አድርግልኝ የሚለው ብዙ ጊዜ እሱ ራሱ ነው። ጥፋተኛው ሌላ ሆኖ ሦስተኛ ወገን ብቻ ያለው ከሆነ የ2005ቱ አዋጅ ቁጥር 799 ለንብረት ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 100,000 ብር ነበር፤ በኋላ ከፍ ቢደረግም የዕቃ ዋጋ አልጠበቀውም።

ጥገናው ይለካ ለሚለው ክርክር የሚሰጠው የመጀመሪያው ተቃውሞ ወጪ ነው፤ ልኬት ሲጨመር ዓረቦን ይጨምራል ይባላል። ይጨምራል። ግን በጣም ጥቂት ነው፤ ለአላይመንትና ለሰያፍ ልኬት የሚከፈለው ከአንድ የፊት መብራት ዋጋ ጋር እንኳ አይወዳደርም። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠው የሚያሸንፍበት የጋራዦች ጨረታ ካልኖረ ባለመኪናና ጋራዥ ተመሳጥረው ዋጋ ይቆልላሉ የሚል ነው፤ እውነትም ይቆልላሉ። ስለዚህ ጨረታው ይቅር የሚል ሰው የኢንሹራንሱን ኪስ ብቻ ሳይሆን የሁላችንንም ዓረቦን ይነካል። መፍትሔው ጨረታውን መጣል ሳይሆን ምን ተሠርቶ በዚህ ዋጋ የሚለውን መጻፍ ነው። የውስጥ ብረቱን የሚቀይረውና በእሳት የሚያቃናው ሁለቱም የፊት አካል ጥገና ብለው ዋጋ ከሰጡ፣ ማሸነፉ አስቀድሞ ለማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ሦስተኛው ተቃውሞ ይህ የሀብታም አገር ወግ ነው የሚለው ነው። የሀብታም አገር ጉዳይ እነሆ፦ ቴክሳስ ውስጥ በረዶ የደበደበው ሆንዳ ፊት (Fit) የተባለ መኪና ጣሪያ ተቀየረ፤ በመመሪያው መሠረት መበየድ ሲገባው በማጣበቂያ ተለጠፈ። ይህን የማያውቁ ባልና ሚስት መኪናውን ገዙት፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ተጋጩና ክፉኛ ቆሰሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የዳላስ ፍርድ ቤት የጁሪ አባላት ጋራዡ ከካሳው የድርሻውን 31.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈረዱ። በክርክሩ ጎልቶ የወጣው አንዱ ነጥብ አሠራሩን የሚወስነው ፋብሪካው ነው ወይስ ገንዘቡን የሚከፍለው ኢንሹራንስ የሚለው ነበር። ሀብት ያን ጣሪያ አላስበየደውም። የጠየቀና የፈረደ መኖሩ ግን ልዩነት ነው።

እኛ ዘንድ ጥያቄውን ይዞ የሚዞር ሰው ከደጅ ወደ ደጅ ይላካል። ኢንሹራንሱ እኛ ከፋይ ነን፣ ሠሪው ጋራዡ ነው ይላል፤ ጋራዡ የታዘዝኩትን ሠራሁ ይላል፤ የትራንስፖርት ሹም ዓመታዊ ምርመራው ይይዘዋል ብሎ ሌላ ጥያቄ አይቀበልም። ዓመታዊው ምርመራ ግን የሚመጣው በቀን መቁጠሪያ ነው፤ ቦሎ በታደሰ በወሩ የተጋጨ መኪና ዓመቱን ሙሉ ሳይጠየቅ ይሄዳል። ይህ መኪና ደግሞ የሚሄደው በሜዳ አይደለም። ወደ አንድ ጎን የሚጎትት መሪ ወይም አንዱን ጎማ ብቻ አጥብቆ የሚይዝ ፍሬን ከገረሴ በጭጋግና በጭቃ ሲወረድ የሚያመጣውን ለዚያ አካባቢ ሹፌር ማስረዳት አያስፈልግም። ትልልቅ መሣሪያ በየጋራዡ ይተከል የሚል የለም። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅም ያላት ከተማ ናት፤ አንድ የመለኪያ ወንበር በአንዱ ግቢ ቢቀመጥና ኢንሹራንሶች የልኬት ወረቀት ሳያዩ የመጨረሻውን ክፍያ ባይለቁ፣ ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠው ጋራዥም ብረቱን ወደ ልኩ ለመመለስ ምክንያት ያገኛል።

እስከዚያው ያለው አንድ በር የባለቤቱ ፊርማ ነው። አንባቢ ሆይ፣ መኪናህ ቢጋጭብህ ግምቱ ላይ የውስጥ ብረት ይቀየራል ወይስ ይቃናል የሚለው በጽሑፍ እንዲገባ ጠይቅ፤ ስቱኮ ከመቀባቱ በፊት አንድ ቀን ወርደህ ብረቱን በዓይንህ እይ፤ የአላይመንት ወረቀቱን ተቀበልና ቁልቁለት ላይ ነድተህ ሞክረው። ከዚያ በፊት አትፈርም።