ያውቁ ኖሯል? ደብረ ኤልያስ፣ የአባይ ዳሯ የቅኔ ከተማ

በ1923ቱ የዘውድ በዓል ዘመን ብቅ ብሎ እስከ አብዮቱ ድረስ የተዘመረውን የንጉሠ ነገሥት መንግሥቱን መዝሙር ግጥም የደረሰው የደብረ ኤልያስ ልጅ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ዜማው የአርመናዊው የኬቮርክ ናልባንዲያን ነው፤ ቃሉ ግን ከጎጃም ቅኔ ቤት የወጣ ነው። ዮፍታሔ ቅኔውን ይዞ አዲስ አበባ ገባ፣ ተማሪ ቤት አስተማረ፣ ለዘመናዊው የአማርኛ ቲያትር መሠረት ከጣሉት አንዱ ሆነ። ጣልያን ሲወርረን ሱዳን ተሰደደ፤ ከድል በኋላ ተመልሶ በ1939 ዓ.ም. አረፈ። «አፋጀሽኝ» የተባለው ተውኔቱ ዛሬም ስሙ ይነሣል።

ሁለተኛው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስም የተወለዱት በዚችው ደብረ ኤልያስ ነው። በ1940 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ከተሾሙት አምስት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ነበሩ፤ የሐረርጌም ጳጳስ ሆኑ። ግንቦት 1 ቀን 1963 ዓ.ም. መንበረ ፕትርክናውን ሲረከቡ በአገራቸው ምድር፣ በአገራቸው ጳጳሳት እጅ የተሾሙ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ። ደርግ በ1968 ከመንበራቸው አወረዳቸው፣ በ1971 ገደላቸው። ዐፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ሲሆን፣ ያረፈው አዲስ አበባ፣ ጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ነው።

ሦስተኛው ትውልዱ እዚህ አይደለም፤ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። ግን ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ከደብረ ወርቅና ከዲማ ሌላ በደብረ ኤልያስም ተምረዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ የቆሎ ተማሪውን ኑሮ፣ የመምህሩን ጉባኤና የባላባቱን ግቢ እንዲያ አድርጎ የሣለው ውስጡ ያደገ ሰው ስለጻፈው ነው።

እንግዲህ አንድ ትንሽ የደጋ ከተማ የመዝሙር ገጣሚ፣ ፓትርያርክና ልብ ወለድ ደራሲ እንዴት አፈራች? መልሱ የቅኔ ጉባኤው ነው። ደብረ ኤልያስ የሚሄድ ሰው ትልቅ ግንብ፣ የተጠረበ ዐለት አይፈልግ፤ የሚጎበኘው የሰው ትምህርት ነው። ለእኔ ይህ ከብዙ ፍርስራሽ ይበልጣል።

የቅኔ ተማሪ ብቻውን ወጥቶ ጫካ ለጫካ፣ ሜዳ ለሜዳ እየተዘዋወረ «ቅኔ ሲቆጥር» እንደሚውል ያውቁ ኖሯል? የሚጀምረው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ከዚያ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ ሦስት ሦስት ቤት፣ ዋዜማ አምስት፣ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ ስምንት እያለ ይወጣል። ሰሙንና ወርቁን በግእዝ አስማምቶ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ መምህሩ ያርማል፣ ይነቅፋል፣ አንዳንዴም ሙሉውን ያፈርሰዋል። ተማሪው በነጋታው ሌላ ይዞ ይመጣል። በበዓል ቀን የሚቀርብ ቅኔ አዲስ መሆን አለበት፤ የትናንቱን ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። ስለዚህ በየቤተ ክርስቲያኑ በየዘመኑ የተዘረፈው ቅኔ አብዛኛው አንዴ ተሰምቶ ያለፈ ነው።

የቅኔ ቤቶች ተብለው በስም ከሚጠሩት ከዋድላ፣ ከጎንጅና ከዋሸራ ሁለቱ የጎጃም ናቸው።

ቅኔ የወንድ ብቻ ይመስልዎ እንደሆነ ደግሞ የእማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ስም ይያዙ። ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ከአባታቸው ተምረው በጎጃም ጽላሎ ወንበር ዘርግተው ደቀ መዛሙርት አስተማሩ።

ወደ ወንዙ እንውረድ። የደብረ ኤልያስ ወረዳ በደቡብ በኩል የሚያበቃው አባይ ላይ ነው። ከተማዋ ጤፍና ስንዴ የሚበቅልበት ደጋ ላይ ተቀምጣ፣ መሬቱ ግን እየወረደ እየወረደ ቆላ ይገባል፤ ማሽላውና ሰሊጡ ይተካል። ማዶው ሆሮ ጉዱሩ ነው። ግንቦት 1874 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የተዋጉበት እምባቦ ያለው እዚያው ማዶ ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተማረኩ፤ ከአባይ ደቡብ ያለው አገር ለማን ይገብራል የሚለው ጥያቄም የዚያን ቀን አብዛኛው መልስ አገኘ።

ስዊድናዊው አርነ ሩቢን በአውሮፓውያን 1965 ከደጀኑ ድልድይ ተነሥቶ ብቻውን በትንሽ ታንኳ አባይን ወደ ሱዳን መውረዱን ያውቁ ኖሯል? ከድልድዩ በታች ወንዙ ወደ ምዕራብ ስለሚታጠፍ የደብረ ኤልያስን ቆላ ከሥሩ ሳያልፍ አልቀረም። አዞው፣ ጉማሬው፣ ፏፏቴው እንዳለ ሆኖ! ከእሱ በፊት ዳንግላ ተቀምጦ የነበረው እንግሊዛዊው ቆንስል ቺስማን በ1920ዎቹና 30ዎቹ ዓመታት (በአውሮፓውያን) የአባይን ሸለቆ በእግርና በበቅሎ እየዞረ ካርታውን ሠርቷል።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ ግን አባይን የሚያገኘው ደጀን በረሃ ነው። አውቶቡሱ ሲወርድ መስኮት ዳር ይቀመጡና ዐለቱን ይዩ። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም በታች አሸዋማው ዐለት ይገኛል። የኖራው ድንጋይ ከጥንት ባሕር የቀረ ነው፤ ጎጃም ባሕር የነበረችበት ዘመን አለ ማለት ነው። ደጀን የሲሚንቶ ፋብሪካ የበቀለውም በዚሁ ድንጋይ ምክንያት ነው። ከታች በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው ድልድይ 303 ሜትር ይረዝማል፤ አሮጌው ከጎኑ ቆሟል።

ከደጀን ወዲያ የሚያገኟት ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር። ስሟ የተለወጠው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ባሠሩት የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ራስ አዳል ተብለው ሲኖሩ ዐፄ ዮሐንስ ጥር 1873 ዓ.ም. የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው ያነገሧቸው እሳቸው ናቸው፤ ቤተ መንግሥታቸውን ከተማው ውስጥ ያገኙታል። ከንጉሡ ልጅ ከራስ ኃይሉ ከተማውን የተረከቡት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. እዚህ ገቡ፤ ወር ሳይሞላ አዲስ አበባ ደረሱ።

ጊዜ ካለዎ ጮቄን አይለፉት። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ጅብራው፣ አስታውና አመጃው የሚታይበት ተራራ ነው። በማርቆስ ዳር የሚያልፈው ጨሞጋን ጨምሮ የምሥራቅ ጎጃምን መሬት የሚያጠጡት ብዙዎቹ ወንዞች ከዚያ ይነሣሉ፤ ሁሉም ዞረው አባይ ይገባሉ። ተራራው ወደ ላይ ወደ ላይ እየታረሰ መሄዱ ያሳስበኛል፤ የታችኛው አገር ውሃ ከዚያ ሣር ሥር ነውና።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል፤ ከማርቆስ ደብረ ኤልያስ ወደ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ አማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ስለ ሰነበተ ከመነሣትዎ በፊት እዚያው ያለ ዘመድ ወይም የመናኸሪያ ሰው ይጠይቁ፤ ሰው «ቆዩ» ካለዎ ይቆዩ። ክረምቱ ጭቃ ነው፤ መስከረምና ጥቅምት አደይ አበባውና አረንጓዴው ጤፍ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳው ይታያል። ቅኔ ለመስማት የበዓል ዋዜማና ሌሊት የሚቆም ማኅሌት ይምረጡ፤ ነጠላ ይልበሱ፣ ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ አያንሡ፣ ለተማሪዎቹም ስንቅ የሚሆን ነገር ይያዙ። የነቢዩ ኤልያስ መታሰቢያ በስንክሳር ጥር 6 ነው፤ ጥምቀት በአምስተኛው ቀን ስለሚከተል አንድ ጉዞ ለሁለቱ ይበቃል። ለማርቆስ ንግሥ ደግሞ ሚያዝያ 30 ይድረሱ።