ጎንደር የገባው ፓርቲ

መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በማይጨው ጦርነት ማግስት፣ በካሚዮን የተጫነ የጣሊያን ጦር ጎንደር ገባ። የመራው አኪሌ ስታራቼ የፋሺስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ነበር። የፓርቲ ጸሐፊ ጦር አዝምቶ የሰው አገር ከተማ የሚይዝበት ሥርዓት ምን ዓይነት ነው? ከእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ላይ ሆኖ ቁልቁል ከተማዋን የሚያይ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል፤ ፒያሳ የዚያ ሥርዓት ሥራ ነውና።

ሙሶሊኒን በጥቅምት 1915 ዓ.ም. ጠርተው የሾሙት ንጉሡ ቪቶሪዮ ኢማኑኤል ናቸው። በሰኔ 1916 የምክር ቤት አባሉና ተቃዋሚው ጃኮሞ ማቴዎቲ ተገደለ። በ1919 ሌሎች ፓርቲዎች ታገዱ። ከዚያ ወዲያ ፓርቲና መንግሥት አንድ ሆኑ፤ ስታራቼም የተገኘው ከዚህ ነው።

ጀርመን ያንኑ መንገድ በጥድፊያ ተጓዘችው። በ1920ው ምርጫ ናዚዎች ያገኙት 12 ወንበር ብቻ ነበር። የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ ሥራ አጡ ወደ 6 ሚሊዮን ደረሰ፤ በሐምሌ 1924 ወንበራቸው 230 ሆነ። ይህም ቢሆን ከሕዝቡ ድምፅ 37 ከመቶ ገደማ እንጂ አብላጫ አልነበረም። እንዲያውም በቀጣዩ ምርጫ ወደ 196 ወረዱ። በሩን የከፈቱላቸው «እኛ እንይዘዋለን» ብለው የተማመኑ ወግ አጥባቂ ፖለቲከኞችና ሽማግሌው ፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግ ናቸው። ሂትለር ጥር 22 ቀን 1925 ዓ.ም. ተሾመ። ሁለት ወር ሳይሞላ ምክር ቤቱ ሕግ የማውጣት ሥልጣኑን አስረከበው። ኮሚኒስቶቹ ታስረውና ተሳደው ስለነበር እምቢ ያሉት 94 ሶሻል ዴሞክራቶች ብቻ ነበሩ። በዚያ አዳራሽ፣ በታጠቁ ወሮበሎች መካከል ቆመው «አይሆንም» ያሉትን እነዚያን ሰዎች ከልቤ አከብራቸዋለሁ።

ሁለቱ አምባገነኖች መጀመሪያ በኦስትሪያ ሰበብ አይጣጣሙም ነበር። ስለዚህ በ1927 ሂትለር ለኢትዮጵያ ጠብመንጃና ጥይት በስውር ላከ። ለእኛ አዝኖ አይደለም፤ ጣሊያን አፍሪካ ውስጥ ተጠምዳ እንድትቆይለት ነው። የዓለም ዓይን ወደ እኛ ጦርነት ዞሮ ሳለም፣ የካቲት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦሩን ራይንላንድ አስገባ። ከወራት በኋላ፣ በጥቅምት 1929፣ ጀርመን የጣሊያንን ወረራ ተቀበለች። የእኛ አገር መወረር የሁለቱ መታረቂያ ሆነ፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል።

ጎንደር የ«አማራ» ግዛት ዋና ከተማ ተባለች። ገዥዎቹ ፋሲል ግቢ ውስጥ ሰፈሩ። አርክቴክት ጌራርዶ ቦዚዮ ያወጣው የከተማ ፕላን የነጩንና የአገሬውን ሰፈር ለየ። በሚያዝያ 1929 የወጣው ሕግ ደግሞ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር አዘዘ። የጀርመን የዘር ሕግ የወጣው በመስከረም 1928 ነበር፤ በሽታው አንድ ነው።

አርማጭሆ ግን አልገዛም አለ፤ ደጃዝማች ውብነህ ተሰማ፣ አሞራው ውብነህ፣ አርበኞቹን ይዘው በዱር በገደሉ ተዋጉ። ጄኔራል ናሲ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ፤ በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው የጣሊያን ምሽግ ይኸው ነበር። ስታራቼን በሚያዝያ 1937 ሚላኖ ላይ የረሸኑት የገዛ አገሩ አርበኞች ናቸው።