እርጥብ ግድግዳና የሕፃናት ሳል

እንጀራ በመሶብ ውስጥ አራትና አምስት ቀን ሲሰነብት ነጭና አረንጓዴ ነጠብጣብ እንደሚያወጣ የማታውቅ የቤት እመቤት የለችም። ሻጋታ መሆኑን እንዳየች ለልጆቿ ሳታቀርብ ትጥለዋለች። ይሁን እንጂ የዚያው ወገን የሆነው ሻጋታ በአልጋው ራስጌ፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ወይም በኮርኒሱ ማዕዘን ላይ ጥቁር ሆኖ ሲታይ፣ ብዙዎቻችን «የክረምት ነገር ነው፤ መስከረም ሲጠባ ይለቃል» ብለን እናልፈዋለን። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሳው ይኸው በግድግዳችን ላይ የሚበቅለው ሻጋታ በቤተሰብ፣ በተለይም በሕፃናት ጤና ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት ነው።

ሻጋታ ከእንጉዳይ ጋር አንድ ወገን የሆነ ፈንገስ ነው። ዘሩ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ዱቄት ሆኖ በአየር ላይ ስለሚንሳፈፍ የማይገኝበት ቤት የለም። ለመብቀል ግን እርጥበት ይፈልጋል። ጭድ የተቀላቀለበት የጭቃ ምርጊት፣ እንጨት፣ ካርቶን፣ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ፣ የኮርኒስ አቡጀዴ፣ ፍራሽና ልብስ ሁሉ ምግቡ ናቸው። እነዚህ ነገሮች ረጥበው አንድና ሁለት ቀን ሳይደርቁ ከቆዩ ሻጋታው መብቀል ይጀምራል። ከበቀለም በኋላ አዲስ ዘር ወደ አየር እየረጨ በክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍሰው ያድራል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ፣ እርጥበትና ሻጋታ ባለባቸው ቤቶች የሚኖሩ ሰዎች በመተንፈሻ አካላት ሕመምና በአስም ይበልጥ እንደሚጠቁ አስታውቋል። ምልክቶቹ የአፍንጫ መታፈንና ማስነጠስ፣ የዓይን ማሳከክ፣ ሌሊት የሚብስ ሳልና ሲተነፍሱ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ናቸው። አስም ያለበትን ሰው ሕመሙን ይቀሰቅስበታል። ሕፃናት፣ አረጋውያንና በሌላ በሽታ ምክንያት ሰውነታቸው የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰዎች ከሁሉም በላይ ይጎዳሉ።

ጉዳቱ እስከ ሞት ሊያደርስ እንደሚችል በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በተባለች ከተማ የደረሰው አሳዛኝ ድርጊት ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን በዚያች ከተማ ሞተ። አባትየው በኪራይ ቤታቸው ስለተስፋፋው ሻጋታ ለአከራያቸው ማመልከት የጀመሩት በ2017 ነበር። በ2022 የሕፃኑን አሟሟት የመረመሩት ባለሥልጣን፣ ለሞቱ ምክንያት የሆነው ለረጅም ጊዜ የተነፈሰው የቤት ውስጥ ሻጋታ ያስከተለበት የመተንፈሻ አካላት ሕመም መሆኑን ወሰኑ። በዚህም የተነሣ በማኅበራዊ ቤቶች የሚታይ ሻጋታ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲጠገን የሚያስገድድ፣ በሕፃኑ ስም የሚጠራ ሕግ ወጥቷል።

ወደ እኛ ቤት እንመለስ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ የማያባራባት፣ ሌሊቷም የሚቀዘቅዝ ከተማ ናት። ልጅ ሲያስል «ብርድ መታው» እንላለን። ብርዱ እንዳይገባም መስኮቱን እንዘጋለን፤ ቀዳዳውን በጨርቅ እንወትፋለን። በተለይም የአራስ ቤት ጨለማና ዝግ ይሆናል። በዚሁ ዝግ ቤት ውስጥ ወጥ ይሠራል፣ እንጀራ ይጋገራል፣ የታጠበ ልብስ ይሰጣል፣ አምስትና ስድስት ሰው ይተኛል። ከድስቱ፣ ከምጣዱ፣ ከልብሱና ከትንፋሹ የሚወጣው እንፋሎት መውጫ ስለሌለው ቀዝቃዛው ግድግዳና ቆርቆሮ ላይ ውኃ ሆኖ ያርፋል። ሻጋታው ይበቅላል፣ ልጁም ይበልጥ ያስላል። እኛም ብርዱ የበረታ መስሎን መስኮቱን ይበልጥ እንዘጋለን።

ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ የምትውሉ እናቶች ቤቱን ቆልፎ መሄድ ግድ እንደሚሆንባችሁ የታወቀ ነው። ሆኖም ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊትና ማታ ምግብ ስትሠሩ፣ ልጁን ነፋሱ በማያገኘው ቦታ አድርጋችሁ መስኮትና በር ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ፊት ለፊት ብትከፍቱ እንፋሎቱ ይወጣል። አልጋውንና ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁ። ፍራሹን መሬት ላይ አታንጥፉ። የቤት ሠራተኛችሁ የምታድርበት ክፍልም እንዲሁ መታየት አለበት።

እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። በእርጥቡ ግድግዳ ላይ አንድ ንጹሕ ፌስታል ዘርጉና ዙሪያውን በፕላስተር አሽጋችሁ አንድ ሁለት ቀን አቆዩት። ውኃው በክፍሉ በኩል ባለው የፌስታሉ ገጽ ላይ ከታየ ምክንያቱ የቤቱ አየር ነው፤ መድኃኒቱም ማናፈስ ነው። በግድግዳው በኩል ከታየ ግን ውኃው ከውጭ እየገባ ነው ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ የቆርቆሮውን የምስማር ቀዳዳ፣ የአሸንዳውን መደፈን፣ ጎርፉ ከግድግዳው ሥር መተኛቱን መመርመር ያስፈልጋል። ኮንዶሚኒየም ከሆነም ከላይ ያለው ጎረቤት መታጠቢያ ቤት እንዳያፈስ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሻጋታውን ስታጸዱ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ጓንት አድርጉ፣ ልጆችንም አስወጡ። በቀለም የተቀባ ግድግዳና ሴራሚክ በሳሙናና በውኃ ተፈትጎ መድረቅ አለበት። የሻገተ የጭቃ ምርጊት ግን ተፍቆ እንደገና ይመረጋል። ምንጩ ሳይደርቅ ቀለም መቀባት ገንዘብ ማባከን ነው፤ በሚቀጥለው ክረምት ይመለሳል። በረኪና የምትጠቀሙ ከሆነ ከአሲድ፣ ከሆምጣጤ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ መርዛም ጋዝ ያወጣል። ቤቱን ለማድረቅ ብላችሁም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አታንድዱ። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ቤተሰብ በሙሉ እንደተኛ ሊገድል ይችላል።

ጥገናውን የሚመለከተው ማነው የሚለው ጥያቄ ተከራዮችን ሲያስጨንቅ ይታያል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በተከራዩ ላይ ከሚወድቀው ጥገና በስተቀር፣ ቤቱን በመልካም ሁኔታ የመጠበቅ ግዴታ የአከራዩ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ ጣሪያው ካፈሰሰ ለአከራያችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፣ ቅጂውንም አስቀምጡ። የቀበሌ ቤት ተብለው በሚጠሩት የመንግሥት ቤቶች የምትኖሩ ደግሞ ለወረዳችሁ አመልክቱ። ጎረቤታሞች በአንድነት ቢያመለክቱ ይበልጥ ይሰማሉ።

ሳል ሁሉ ከሻጋታ ነው ማለት ግን አይደለም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት። ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ወይም ጡት መጥባት ያቃተው ከሆነ ለነገ ሳትሉ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በየክረምቱ የሚመላለስ ሳል ከሆነም ለሐኪሙ ስለ ልጁ ብቻ ሳይሆን ስለሚተኛበት ክፍል ጭምር ንገሩት። ሽሮፕ ጠጥቶ ወደዚያው እርጥብ ግድግዳ ሥር የሚመለስ ልጅ መዳኑ ያጠራጥራልና።

ጣሪያ የሚታየውና አሸንዳ የሚጠረገው በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይገባ ነው። መስከረም ሲጠባም ቤቱን ለበዓል ስታጸዱ ፍራሹንና ብርድ ልብሱን ፀሐይ ላይ አውጡ፤ ቁም ሣጥኑን ሳቡና ጀርባውን ተመልከቱ።