ከትንሽ ባትሪ ሺህ ቮልት

ካምፓላ ውስጥ ቢንቢ የማያስቸግረው ቤት የለም፤ ቢንቢ የሚገድለው የኤሌክትሪክ ራኬትም ከካባላጋላ ሱቆች እስከ ኦዊኖ ገበያ ይሸጣል። ውስጡ ያለው ባትሪ ጥቂት ቮልት ብቻ ነው። ቢንቢዋ ስትነካው «ጧ!» የሚያደርገው መረብ ላይ ያለው ግን ከሺህ ቮልት ሊበልጥ ይችላል። በዓለም ታላላቅ ቤተ ሙከራዎች ያሉ ተመራማሪዎችም ዛሬ የሚታገሉት ከዚሁ ጉዳይ ጋር ነው፤ ለስላሳ ሮቦቶችን ከሽቦ እስራት ለማላቀቅ።

ሮቦት ሲባል ብረት ይታየናል። ለስላሳ ሮቦት ግን ጎማ ከመሰለ ነገር ይሠራል። ከጡንቻዎቹ አንዱ ዓይነት በሁለት ፊቱ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ቅብ የተቀባ ስስ ጎማ ነው። ቮልቴጅ ሲሰጠው ሁለቱ ቅቦች ይሳሳባሉ፤ መካከላቸው ያለው ጎማም በመዳፍ እንደተጫኑት ሊጥ ሳስቶ ወደ ጎን ይሰፋል። ቮልቴጁ ሲነሳ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ችግሩ ይህ ጡንቻ ብዙ ቮልት መፈለጉ ነው። ለምሳሌ ለእያንዳንዱ ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ውፍረት 50 ቮልት ያስፈልጋል ብንል፣ 60 ማይክሮሜትር ለሆነ ጎማ 3,000 ቮልት ማለት ነው። በቤተ ሙከራ ይህን የሚሰጠው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ከባድ ሣጥን ነው። ሮቦቱም እንደታሰረ ውሻ ገመዱ እስከሚደርስበት ብቻ ይሄዳል።

«ታዲያ ባትሪ ለምን አንደረድርም?» የሚል ተማሪ ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እዚሁ ኡጋንዳ፣ በአልበርት ሐይቅ የሚኖረው የኤሌክትሪክ አምባዛ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እያንዳንዳቸው እጅግ ትንሽ ቮልት የሚሰጡ ብዙ ሕዋሳት በተርታ ተደርድረው እስከ 350 ቮልት ያመነጫሉ። ለስላሳ ገላ፣ ገመድ የለ፣ ሣጥን የለ! እኛ ግን 3,000 ቮልት በ1.5 ቮልት ባትሪ እንሥራ ብንል 2,000 ባትሪ እንፈልጋለን፤ ሮቦቱ ከቦታው አይነሳም።

ስለዚህ የራኬቱ ዘዴ ይሻላል። ትራንዚስተር የባትሪውን ጅረት በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ያበራል፣ ያጠፋል። ጅረቱ የሚያልፈው በሽቦ ጥቅልል ውስጥ ነው፤ ጥቅልል ደግሞ ጅረቱ በድንገት ሲቋረጥበት ስለሚቃወም ቮልቴጁ ይዘላል። አጠገቡ ብዙ ዙር ያለው ሌላ ጥቅልል ሲኖር ቮልቴጁ ይበልጥ ያድጋል። ቀጥሎ ዳዮዶችና ካፓሲተሮች ይረከቡታል። ዳዮድ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት በር ነው፤ ካፓሲተር ቻርጁን ያጠራቅማል። ደረጃ በደረጃ ሲቀባበሉ ቮልቴጁ ይደራረባል። ኮክክሮፍትና ዋልተን በ1932 እ.ኤ.አ. ካምብሪጅ ውስጥ የሊቲየም አቶምን የሰነጠቁት በዚህ መሰላል በተገኘ ቮልቴጅ ነው።

እዚህ ላይ ኃይል አልተፈጠረም፤ ቮልቴጁ ሲጨምር ጅረቱ ይቀንሳል። ደግነቱ የጎማው ጡንቻ የሚፈልገው ጅረት ጥቂት ነው፤ ራሱም እንደ ካፓሲተር ነውና። ግን ቻርጅ የተደረገ ካፓሲተር በራሱ ቶሎ ባዶ አይሆንም። ስለዚህ ጡንቻው እንዲላላ ቻርጁን የሚያፈስስ ክፍልም መሠራት አለበት። (ወላጆች፣ ራኬቱም እንዲሁ ነው፤ ባትሪው ወጥቶ እንኳ ሊነዝር ስለሚችል ልጆች እንዳይፈቱት።)

ዋናው ፈተና ክብደትና ስፋት ነው። ጥቅልሉ ሲያንስ የሚባክነው ኃይል ይጨምራል፤ ክፍሎቹ ሲቀራረቡ ብልጭታ በመካከላቸው ይዘላል። የቻይና ተመራማሪዎች በ2021 ይፋ ያደረጉት ዓሣ መሰል ሮቦት ባትሪውንም ቮልቴጅ ማሳደጊያውንም በሆዱ ይዟል። የጥልቁ ባሕር ግፊት እንዳይሰብራቸው የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎቹን አራርቀው በለስላሳ ሲሊኮን ውስጥ ቀበሯቸው። በማሪያና ገደል 10,900 ሜትር ጥልቀት ላይ ክንፉን አርገበገበ፤ በደቡብ ቻይና ባሕር 3,224 ሜትር ላይ ደግሞ በነፃነት ዋኘ።

በስዊዘርላንድ ሎዛን ያሉት በሌላ በኩል መጡ፣ ለእኔ ይበልጥ ብልህነት የሚታየኝም እዚህ ነው። ቮልቴጁን ከማሳደግ ይልቅ ጎማውን አሳሱት። እጅግ ስስ ሽፋኖችን ደራርበው ጡንቻው በ450 ቮልት እንዲሠራ አደረጉ፤ ማሳደጊያውም በዚያው ልክ አነሰ። በ2019 ያሳዩት ነፍሳት መሰል ሮቦት ባትሪውን ተሸክሞ እንኳ ከአንድ ግራም በታች ነበር፤ የተሰመረ መንገድ እየተከተለም ይሄድ ነበር። ገና በሽቦ የሚሠራውን ዓይነቱን ደግሞ በዝንብ መግደያ መቱት፤ ተነስቶ መንገዱን ቀጠለ።